ያፈሰሰውም የለካውም አንድ ሲሆን፦ የቦዶ ጉዳይ

ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር 1,640 በርሜል ነው።

ናይጄሪያ ውስጥ፣ በኒጀር ዴልታ፣ ቦዶ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። በ2008 በአካባቢዋ የሚያልፈው፣ ያኔ ሼል የተባለው ዓለም አቀፍ የነዳጅ ኩባንያ የሚያስተዳድረው ትልቅ የነዳጅ ቧንቧ ብየዳው ለቀቀና ድፍድፍ ነዳጅ ለሳምንታት ወደ ውሃው ፈሰሰ። በኋላ ምን ያህል እንደፈሰሰ የሚናገር የምርመራ ቅጽ ተሞላ። 1,640 የመጣው ከዚያ ቅጽ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። እኔ እንደሚገባኝ የቦዶ ሰዎች መከራ ግማሹ ከቧንቧው፣ ግማሹ ደግሞ ከዚህ ቁጥር የመጣ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቦዶ ምን ዓይነት ቦታ ነች?

ቦዶ የኦጎኒ ሕዝብ ከተማ ነች። ኦጎኒዎች ከፖርት ሃርኮርት በስተምሥራቅ፣ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መሬት ላይ እያረሱና ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ ናቸው። መሬታቸው ውስጥ ነዳጅ የተገኘው በ1958 ነው፣ ናይጄሪያ ነፃ ከመውጣቷ ሁለት ዓመት በፊት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ1990 ደራሲው ኬን ሳሮ-ዊዋ ያሉበት የኦጎኒ ንቅናቄ ተመሠረተ፣ የመብት ጥያቄውንም በጽሑፍ ለመንግሥት አቀረበ። በጃንዋሪ 1993 በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት ሼል ከኦጎኒ መሬት ነዳጅ ማውጣቱን አቆመ። በኖቬምበር 10 ቀን 1995 ደግሞ ወታደራዊው መንግሥት ሳሮ-ዊዋንና ስምንት ጓዶቻቸውን ፖርት ሃርኮርት ውስጥ ሰቀላቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የኦጎኒ ጉድጓዶች ቢዘጉም ቧንቧው ግን አልተነሳም። ከሌላ አካባቢ የሚወጣውን ድፍድፍ ወደ ቦኒ የመላኪያ ወደብ የሚወስደው ትራንስ ኒጀር የተባለው መስመር እስከ ዛሬ በኦጎኒ መሬት ውስጥ ያልፋል። በሥራ ላይ ሲሆን በቀን ከ100,000 በርሜል በላይ ይሄድበታል። ስለዚህ በ2008 ቦዶ ላይ የፈሰሰው ነዳጅ ከኦጎኒ ጉድጓድ የወጣ እንኳ አልነበረም። እንዲሁ በደጃቸው እያለፈ ነው የተደፋባቸው።

የቦዶ ውሃ ተራ ወንዝ እንዳይመስላችሁ። ከባሕር የሚገቡ፣ እንደ ደም ሥር የተበታተኑ ጠባብ የውሃ መንገዶች ናቸው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በዳርና ዳሩ ማንግሮቭ የሚባለው፣ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ ሥሩን እንደ ሸረሪት እግር ጭቃው ላይ ተክሎ ይቆማል። ዓሦች የሚዋለዱት በነዚያ ሥሮች መሃል ነው። ውሃው ሲጎድል ሴቶችና ልጆች ጭቃው ላይ ወርደው ሸርጣንና ፔሪዊንክል የሚባለውን ትንሽ ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ። ቤት ውስጥ የሚበላውም፣ ገበያ የሚወጣውም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆነውም ከዚያ ነው።

አሁን ነዳጁን እዚህ ላይ አስቡት። ወንዝ ቢሆን ኖሮ የተወሰነውን ይዞት ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ውሃው ሲሞላ ነዳጁን ተሸክሞ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲጎድል ጭቃው ላይ ጥሎት ይወጣል፣ እንደገና ሲሞላ ይዞት ይመለሳል። የማንግሮቭ ሥር አየር የሚስብባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ነዳጁ እነሱን ሲደፍናቸው ዛፉ ቆሞ ታፍኖ ይሞታል። ከሁሉ የሚከፋኝ ግን ሸርጣኖቹ የቆፈሯቸው ጉድጓዶች ነገር ነው። ለጭቃው አየር የሚያስገቡት፣ ሕይወት የሚሰጡት እነሱ ነበሩ። ነዳጁ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ የሆኑትም እነሱ ናቸው። ላዩ የጸዳ የሚመስል ጭቃ ላይ ረግጣችሁ እግራችሁን ስታነሡ ዱካችሁ ውስጥ ቅባት ያንጸባርቃል።

72 ቀን ወይስ 33 ቀን?

የቦዶ ሰዎች የመጀመሪያው ፍሳሽ የጀመረው ኦገስት 28 ቀን 2008 ነው ይላሉ። ሼል ደግሞ ያወቅሁት ኦክቶበር 5 ነው አለ። ሁለቱም የሚስማሙበት የቆመበትን ቀን ነው፣ ኖቬምበር 7። በከተማዋ ሰዎች አቆጣጠር 72 ቀን፣ በኩባንያው አቆጣጠር 33 ቀን ማለት ነው። በኩባንያው ልሂድ ብትሉ እንኳ፣ ነዳጅ እየፈሰሰ መሆኑን ካወቀ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ሳይዘጋ ቆየ።

ልክ በወሩ፣ ዲሴምበር 7፣ ያው መስመር ሁለተኛ ቦታ ላይ አፈሰሰ። ይኼኛው እስከ ፌብሯሪ 21 ቀን 2009 አልተዘጋም። ሁለት ወር ተኩል! ሁለቱም ከመሣሪያ ጉድለት የመጡ ናቸው። የሌባ እጅ የለበትም፣ መጋዝ ይዞ የመጣ ሰው የለም። ይህን ኩባንያው ራሱ በ2011 ተቀብሏል።

ቅጹ ለመጀመሪያው ፍሳሽ 1,640 በርሜል አለ፣ ለሁለተኛው ወደ 2,500። ሲደመር 4,000 እና ትንሽ።

አምነስቲ ኢንተርናሽናል በፍሳሹ ጊዜ የተቀረጸ ቪዲዮ አገኘ። ነዳጁ ከተሰበረው ቧንቧ ሲወጣ ያሳያል። ቪዲዮውን አኪዩፋክትስ ለሚባል፣ በቧንቧ መስመር ደህንነት ላይ ለሚሠራ የአሜሪካ ድርጅት ሰጠው። ድርጅቱ የፍሰቱን መጠን አይቶ ሲገምት በቀን ከ1,440 እስከ 4,320 በርሜል ይወጣ ነበር አለ።

እስቲ ቆም ብላችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጓቸው። ኩባንያው ለጠቅላላው ፍሳሽ 1,640 አለ። ገለልተኛው ባለሙያ በዝቅተኛው ግምቱ ለአንድ ቀን ብቻ 1,440 አለ። በ72 ቀን ሲባዛ ከ103,000 እስከ 311,000 በርሜል ይደርሳል። እሺ፣ በኩባንያው 33 ቀን እናስላው፤ ዝቅተኛውን ይዘን እንኳ ከ47,000 በላይ ይሆናል። በየትኛውም መንገድ ብታሰሉት 1,640 አይመጣም። አንድ በርሜል 159 ሊትር መሆኑን አትርሱ።

ይህ እንዴት ሆነ? በናይጄሪያ አሠራር ነዳጅ ሲፈስ የጋራ የምርመራ ጉብኝት ይደረጋል። የኩባንያው ሰዎች፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችና የአካባቢው ተወካዮች አብረው ሄደው ምክንያቱን፣ መጠኑንና ስፋቱን አንድ ቅጽ ላይ ይሞላሉ። በስም የጋራ ነው። በተግባር ግን መጓጓዣው የኩባንያው ነው፣ ባለሙያው የኩባንያው ነው፣ መለኪያውም የኩባንያው ነው። ለዚሁ ሥራ የተቋቋመው የመንግሥት ኤጀንሲ ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ የሚደርሰው ኩባንያው ሲያደርሰው ነው። ዓሣ አጥማጁ በበርሜል ለክቶ አያውቅም፣ ፈርም ሲባል ይፈርማል ወይም አልፈርምም ብሎ ይቀራል። ቅጹ ግን ይጸናል። ካሳ ሲጠየቅ ቅጹ ይወጣል፣ ጽዳት ሲታቀድ ቅጹ ይወጣል፣ ጋዜጠኛ ሲጠይቅም መልሱ ከቅጹ ይነበባል።

የፈሰሰው 4,000 በርሜል ከሆነ የተበከለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ተጎጂውም ጥቂት ነው። ከ100,000 በላይ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ከተማ ነው። ቁጥሩ ላይ የሚደረገው ክርክር ማን ተጎዳ ይባላል፣ ማን አልተጎዳም ይባላል በሚለው ላይ ነው።

ሩዝና ባቄላ

በሜይ 2009 ኩባንያው ለቦዶ የእርዳታ እህል ላከ። 50 ከረጢት ሩዝ፣ 50 ከረጢት ባቄላ፣ ጋሪ ከሚሉት የካሳቫ ዱቄትም 50 ከረጢት፣ ቲማቲምና የለውዝ ዘይት ተጨምሮበት። በአስር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ መሆኑ ነው። ከተማዋ መጀመሪያ ስድብ ነው ብላ መለሰችው። በኋላ ግን ተቀበለች። ለምን ተቀበሉ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ዓሣው የለም፣ ቀንድ አውጣው የለም፣ ማንግሮቩ ጠቁሯል፣ ስምንት ወር አልፏል። ሰው በኩራት ብቻ ስንት ቀን ያድራል?

መረጃው የወጣው በፍርድ ቤት ነው

የቦዶ ሰዎች ሊ ዴይ የሚባል የእንግሊዝ የጠበቆች ቢሮ ይዘው ጉዳዩን ለንደን ወሰዱት። 15,600 ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች፣ እያንዳንዳቸው በስማቸው፣ በናይጄሪያው የሼል ቅርንጫፍ ላይ ከሰሱ። ጠበቆቹ እንደሚሉት ኩባንያው መጀመሪያ ለመላው ከተማ ሊሰጥ ያሰበው 4,000 ፓውንድ ነበር። በ2013 ፖርት ሃርኮርት ላይ ድርድር ተደረገና ወደ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍ አለ። ከተማዋ አልቀበልም አለች። እህሉን በተቀበለች በአራት ዓመቷ 30 ሚሊዮን ፓውንድ መለሰች! ይህን ሳስብ እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ቆራጥ እንደሆኑ ይገባኛል።

በ2014 ዳኛ አከንሄድ የሕግ ነጥቦቹን በቅድሚያ መርምረው ወሰኑ። ጉዳዩ የሚታየው ለንደን ይሁን እንጂ ሕጉ የናይጄሪያ ነው። የነዳጅ ቧንቧዎች ሕግ የሚባለው ባለቧንቧው መስመሩን ሳይጠብቅ፣ ሳይጠግን ወይም ሳይንከባከብ ቀርቶ ጉዳት ካደረሰ ይክሳል ይላል። ዳኛው ኩባንያው እንደ ፖሊስ አካባቢውን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም አሉ። ነገር ግን ቧንቧውን ከሌባ ለመከላከል የሚቻለውን ምክንያታዊ ነገር ሳያደርግ ከቀረ ሊጠየቅበት ይችላል አሉ። ስርቆት ነው እየተባለ የሚዘጋው በር ትንሽ ተገፋ ማለት ነው።

ለእኔ ግን ከውሳኔው ይልቅ ትልቁ ነገር ሰነዶቹ ናቸው። ለንደን ውስጥ ተከራካሪ ወገን የያዘውን ማስረጃ እንዲያወጣ ይገደዳል። በዚህ መንገድ የወጡት የኩባንያው የውስጥ ጽሑፎች ከፍሳሹ በፊት ብዙ የሚታወቅ ነገር እንደነበር አሳዩ። በ2002 የተጻፈ አንድ ሰነድ የአብዛኞቹ ዋና መስመሮች ቀሪ ዕድሜ አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው ይላል። የ2009 የሠራተኛ ኢሜይል ደግሞ በኦጎኒ ያሉት መስመሮች ከ15 ዓመት በላይ በአግባቡ እንዳልተጠገኑና እንዳልተፈተሹ ይናገራል። በኖቬምበር 2014 ደግሞ ኩባንያው በፍርድ ቤት ሰነዶቹ የፈሰሰው መጠን በቅጹ ላይ ካለው እንደሚበልጥ አመነ።

ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማው ቁጥሩ ሐሰት ነው እያለ ነበር። የሰማው ሰው አልነበረም። ያንን ቁጥር ሊያነቃንቅ የሚችል የሚያስገድድ ፍርድ ቤት የተገኘው በሌላ አህጉር ነው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 2015፣ ዋናው ችሎት ሳይጀመር ስምምነት ተደረሰ። 55 ሚሊዮን ፓውንድ። 35 ሚሊዮኑ ለ15,600ዎቹ ከሳሾች፣ 20 ሚሊዮኑ ለከተማዋ። ለአንድ ሰው 2,200 ፓውንድ አካባቢ፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 600,000 ናይራ ገደማ ደረሰው። የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 18,000 ናይራ በነበረበት ሰዓት የሦስት ዓመት ገደማ ገቢ ነው። አዎ፣ ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን ከፍሳሹ እስከ ክፍያው ከስድስት ዓመት በላይ ስላለፈ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። አብዛኛው ሰው ከዚያ ውስጥ ዕዳ ከፈለ ብሎ መገመትም አይከብድም።

ገንዘቡም ቢሆን ጭቃውን አያጸዳም።

ጽዳቱ

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በኦገስት 2011 ስለ ኦጎኒ ሰፊ ጥናት አውጥቶ ነበር። ከ200 በላይ ቦታዎች ታይተዋል። ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በምትባል መንደር የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ካንሰር የሚያመጣው ቤንዚን የተባለው ኬሚካል ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 900 ጊዜ በላይ ተገኝቶበታል። (መኪና ውስጥ ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ሌላ ነገር ነው።) ጥናቱ ሙሉ ማገገሚያው ከ25 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 1 ቢሊዮን ዶላር ይመደብ አለ። መንግሥት ጽዳቱን በይፋ ያስጀመረው በጁን 2016 ነው። ሥነ ሥርዓቱ የተደረገው ቦዶ ውስጥ ነበር፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱም ተገኝተዋል።

የራሷ የቦዶ ጽዳት ግን በሌላ መንገድ ነው የመጣው። የኔዘርላንድስ አምባሳደር ባገዙበት ሽምግልና በ2013 የቦዶ ሽምግልና የሚባል አካል ተቋቋመ፣ ከተማዋና ኩባንያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ተቀምጠውም ብዙ ተጨቃጨቁ። የመስክ ሥራው የተጀመረው በ2017 ነው፣ ከፍሳሹ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። በመሃሉ ኩባንያው ክሱ ጨርሶ እንዲዘጋለት ለንደንን ጠየቀ። በ2018 ፍርድ ቤቱ እምቢ አለ፣ ከተማዋ ጽዳቱ ካልተሠራ ተመልሳ የመምጣት መብቷ እንዲጠበቅ አደረገ። ትንሽ የምትመስል ውሳኔ ነች። ነገር ግን በሩ ክፍት ባይቀር ኖሮ ሥራው ይቀጥል ነበር ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ውሃው ሲጎድል ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ የዚያው አካባቢ ልጆች፣ ጭቃው ላይ ይወርዳሉ። ጭቃውን ይገለብጡታል፣ ከዚያ ኃይሉ በተመጠነ የውሃ ቱቦ ያጥቡታል። ውስጡ የተቀበረው ነዳጅ ይለቅና ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በተንሳፋፊ አጥር ያግዱትና ይሰበስቡታል። ውሃው ሲሞላ ሥራ ይቆማል፣ ሲጎድል ይቀጥላል። የተበከለው ማንግሮቭ ወደ 1,000 ሄክታር ነው፣ በዓለም በነዳጅ ፍሳሽ ከጠፉት የማንግሮቭ ቦታዎች ከትልልቆቹ አንዱ። በዚህ ሁሉ ላይ በየስንዝሩ እየዞሩ ማጠብ ምን እንደሚመስል አስቡት። ከታጠበ በኋላ የማንግሮቭ ችግኝ ይተከላል። ችግኙ እስኪያድግ ደግሞ ባዶ የቀረውን ጭቃ ኒፓ የሚባል የውጭ ዘንባባ ቀድሞ ይይዘዋል። ዓሣ እንደ ማንግሮቭ ሥር አይጠለልበትም።

አንድ የማልሸሸው ነገር አለ። ከ2008 በኋላ በቦዶ ዙሪያ ከቧንቧ ድፍድፍ ሰርቆ በጫካ ውስጥ ማጣራት በዝቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጥናትም ቦዶ ምዕራብ የሚባለው አካባቢ ከ2007 እስከ 2011 ጤነኛ ማንግሮቩን 10 በመቶ ማጣቱንና ይህ ከሕገወጥ ማጣራቱ ጋር አብሮ መምጣቱን ይናገራል። የታጠበ ጭቃ እንደገና የሚቆሽሸው ከዚህም ነው። ኩባንያው ይህን ደጋግሞ ያነሳል፣ እውነትነትም አለው። ግን ቅደም ተከተሉ አይገለበጥብኝ። የመጀመሪያው 72 ቀን ፍሳሽ የብየዳ ነው። ዓሣው ሲጠፋ፣ መረቡ ሥራ ሲፈታ፣ ከጎኑ ሌት ተቀን ነዳጅ የሚሄድበት ቧንቧ ያለ ወጣት ምን ያደርጋል ብዬ እጠይቃለሁ። ስርቆቱን አላጸድቅም፣ ጭሱን የሚተነፍሱት ያው የቦዶ ልጆች ናቸው። ግን ጀልባውን ማን እንዳስቆመበት አልረሳም።

ቧንቧው አሁን

በማርች 2025 ሼል የናይጄሪያውን የየብስ ሥራውን ሪነሳንስ ለሚባል በአብዛኛው የናይጄሪያ ኩባንያዎች ለተሰባሰቡበት ቡድን ሸጦ ጨረሰ። ቧንቧው አብሮ ተሸጠ። ቀናት ሳይቆጠሩ፣ በዚያው ወር፣ ትራንስ ኒጀር ፈንድቶ እሳት ተነሣ። ቦታው ቦዶ ነበር።

መንግሥት ደግሞ ከ1993 ጀምሮ የቆመው የኦጎኒ ነዳጅ እንደገና እንዲወጣ ከሕዝቡ መሪዎች ጋር እየተነጋገረ ነው። ስለ ድርሻ ይወራል፣ ስለ ሥራ ዕድል ይወራል፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ይወራል። እኔ እንዲነገረኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የሚቀጥለው ፍሳሽ ላይ ቅጹን የሚሞላው ማን ነው? መለኪያውን ማን ይይዛል? ጀልባውን ማን ይከፍላል? ከተማዋ የራሷን ባለሙያ በራሷ ገንዘብ ይዛ ከኩባንያው ቀድማ ቦታው ላይ መድረስ ትችላለች ወይስ ዘንድሮም ቪዲዮ የቀረጸ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል? ከ20 ሚሊዮኑ የከተማዋ ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ለዚህ ቢውል፣ አንድ የሠለጠነ ቡድንና አንድ ጀልባ ብቻ፣ 1,640 የሚል ወረቀት ዳግም ያለ ተቃራኒ ቁጥር አይፈረምም ነበር።